ሊቀ ራውተርና ስም የለሹ እንግዳ

አንድ ራውተር ለብዙ ቤት በሚካፈልበት ሕንፃ ሁሉ፣ ማንም ሳይሾመው የተሾመ አንድ ሰው አይጠፋም። ሥልጣኑን የሚረከበው በመሰላል ነው። ሌላው አንጋጦ ሲያይ እሱ ይወጣል፣ ግድግዳ ይበሳል፣ ሽቦ ይጎትታል፤ ሲወርድ አለቃ ሆኖ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ኢንተርኔቱ ሲፈጥን ምስጋናው የእሱ ነው፤ ሲንቀራፈፍ ጥፋቱ የእናንተ።

የእኛው አለቃ ጡረታ የወጡ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት በየሰው ግቢ እየገቡ ቁጥር ሲጽፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ የሚያነቡት ቁጥር አጡ። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ጎረቤቱ በሌሉበት ሊቀ ራውተር ይላቸዋል። በሌሉበት ያልኩት ለወጉ ነው። ያውቃሉ፤ ደስም ይላቸዋል።

ስድስት ቤት ነን፣ አራት ፎቅ። መስመሩን በጋራ ያስገባን ጊዜ ዋናውን ራውተር ሁለተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ በእንጨት ሳጥን ቆለፉበት፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉት። በየፎቁ ደግሞ ሲግናል የምታጠናክር፣ የሳሙና ማስቀመጫ የምታክል ነጭ ዕቃ ሰቀሉ። ከዚያ ቤት ለቤት ዞረው ስልካችንን፣ ኮምፒውተራችንን፣ ቴሌቪዥናችንን መዘገቡ፤ ለእያንዳንዱም ስም አወጡለት። እኔ ማተሚያ ቤት ጽሑፍ አራሚ ስለሆንኩ ስልኬ "አራሚዋ አንድ" ተባለ። አንደኛ ፎቅ ያለው የባንክ ሠራተኛ "ባንከሩ" ሆነ። ፊት ለፊቱ ያለችው ፀጉር ሠሪ ብዙ ዕቃ ስላላት እስከ "ፀጉር ሠሪዋ አምስት" ደረሰች።

በየቀኑ ዝርዝሩን ያነባሉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ፣ በስንት ሰዓት።

"ትናንት አሥራ ሁለት ተኩል ነው የገባሽው፤ መንገድ ተዘጋግቶ ነው?" ይሉኛል ደረጃ ላይ።

"ጋሼ፣ እየተከታተሉኝ ነው እንዴ?"

"እኔ ሰው አላይም ልጄ። ቁጥር ነው የማየው።"

አንድ ቀን ፀጉር ሠሪዋ የሰለቸቻትን ደንበኛ "ከከተማ ወጥቻለሁ" ብላ ሸኝታ ቤቷ ተኝታ ዋለች። በማግስቱ ደንበኛዋ አጠገቧ ቆማ ሳለ ሊቀ ራውተር አለፉና፣ "እንኳን በደህና ተመለስሽ። ስልክሽ ግን አልሄደም ነበር" አሏት። ክፋት የለባቸውም። ቁጥር ካዩ ማንበብ አለባቸው፣ ያነበቡትን ደግሞ መናገር አለባቸው። ሆዳቸው ውስጥ ምንም አያድርም።

እንግዲህ እኚህ ሰው ናቸው አንድ ሰኞ ከሥራ ስመለስ በሬ ላይ ቆመው የጠበቁኝ። ሰላምታ እንኳ አልሰጡኝም።

"ልጄ፣ ቀን ቀን ቤትሽ ውስጥ ማን አለ?"

"ማንም የለም። ብቻዬን እንደምኖር ያውቃሉ።"

"አውቃለሁ። ለዚያ ነው የጠየቅኩሽ።"

ስልካቸውን አሳዩኝ። በዝርዝሩ ግርጌ፣ ስም በሚጻፍበት ቦታ፣ "ያልታወቀ" ይላል። እኔ ሁለት ሰዓት ላይ እወጣለሁ፤ እሱ ሦስት ሰዓት ላይ ይገባል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይወጣል፤ እኔ አሥራ ሁለት ላይ እመለሳለሁ። ቅዳሜና እሁድ አይመጣም። የሚገባው ደግሞ በአራተኛው ፎቅ ዕቃ፣ ከበሬ አናት ላይ በተሰቀለችው በኩል ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ከእኔ በስተቀር የሚኖር የለም፤ ፊት ለፊቴ ያለው ቤት ከተዘጋ ዓመት አልፎታል።

"የይለፍ ቃሉን ከየት አገኘ?" አልኩ።

"ዓርብ ቀየርኩት። ለሁላችሁም በየበራችሁ ነገርኳችሁ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ገባ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቴ የእኔ አልመስል አለኝ። ወንበሩን እንዲህ አዙሬ ነው የሄድኩት? ይህ መጋረጃ ተከፍቶ ነበር? አንድ ነገር እንኳ ቦታውን አለመልቀቁ ይበልጥ አስፈራኝ። በሩ አልተነካም፤ ቁልፉ ደህና ነው። ገና ስገባ ጆሮዬን አቁሜ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ፣ ቁም ሣጥኑን ከፍቼ ማየት ለመድኩ።

ሊቀ ራውተር እንደ ልማዳቸው ለሁሉም ተናገሩ፤ ሕንፃው ተረበሸ። በተሰበሰብንበት ዕለት አብዝታ የፈራችው የባንከሩ ሚስት ናት። "ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ" አለች። "ከትምህርት ቤት ሲመጡ በዚህ ደረጃ ነው የሚወጡት። ማን እንደሆነ ካልታወቀ ለፖሊስ እንናገር።" ባንከሩ ከጎኗ ተቀምጦ ነበር። በየማለዳው ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጥቁር ቦርሳውን ይዞ፣ ያገኘውን ሁሉ "እንደምን አደሩ" እያለ የሚወጣ፣ ሰው አክባሪ ወጣት አባወራ ነው። ያን ቀን አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

"አንድ ሳምንት ስጡኝ" አሉ ሊቀ ራውተር። "እሁድ ስሙን እነግራችኋለሁ።"

ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ጋሼና እኔ ሳሎኔ ውስጥ፣ በሩን ከውስጥ ቆልፈን፣ ስልካቸውን ጠረጴዛ ላይ አጋድመን ተቀመጥን። ፀሐዩ በመስኮት ሞልቶ ገብቷል፤ ከታች የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። በጠራራ ፀሐይ እንዲህ መፍራት ያሳፍራል።

ሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሲሆን ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ። ያልታወቀ።

በሩ አልተከፈተም። ማንም አልገባም። ጋሼ ቀስ ብለው ተነሥተው ወጥ ቤቱን አዩ፣ መኝታ ቤቱን አዩ፣ ጎንበስ ብለው ከአልጋው ሥር አዩ። ተመልሰው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ያኔ ነው ድምፁ የመጣው።

"ጤና ይስጥልኝ" አለ፣ ዝግ ብሎ፣ የወንድ ድምፅ። ከግድግዳው ውስጥ ይሁን ከየት አላውቅም። ከዚያ ደገመው፤ አሁን ሞቅ አድርጎ። "ጤና ይስጥልኝ።" ሦስተኛው ላይ ሳቅ ቀላቀለበት። ሳቁ ከሁሉ የከፋ ነበር፤ የሚስቅ ሰው ሳቅ አልነበረም።

የጋሼን ክንድ ጨምድጄ ይዣለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ወደ ኮርኒሱ አነሡ።

"አዎ፣ አሥራ አንድ ዓመት ልምድ አለኝ" አለ ድምፁ ከራሳችን በላይ። "አይ… አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የለቀቅኩት… የለቀቅኩት ክፍላችን ስለተዘጋ ነው።" እንደገና ጀመረ። "የለቀቅኩት አዲስ ነገር ለመሞከር ፈልጌ ነው።"

ከእኔ ቤት በላይ ያለው የውሃ ታንከሩ ክፍል ብቻ ነው። በብረት መሰላሉ ጋሼ ቀደሙ፤ እኔ ተከተልኩ። የቆርቆሮው በር ከውስጥ በሽቦ ታስሯል፤ በስንጥቁ አየን።

ባንከሩ ነበር። ክራቫቱን አስሮ፣ ሱሪው እንዳይቆሽሽ በተገለበጠ ባልዲ ላይ ጋዜጣ አንጥፎ ተቀምጧል። ጫማውን አውልቆ ጎን ለጎን አስቀምጦታል። አንድ አሮጌ ስልክ ቧንቧው ላይ አስደግፎ፣ ስልኩ ውስጥ ለሚያየው ለራሱ ፊት ፈገግ ይላል። ፈገግታውን ያጠፋና እንደገና ይሞክረዋል።

ጋሼ በጣታቸው ቆርቆሮውን ነካ ነካ አደረጉት። የውስጡ ድምፅ ቀጥ አለ። ሽቦው እስኪፈታ ብዙ ቆየ፤ ለካ መጀመሪያ ጫማውን እያጠለቀ ነበር።

"ሦስት ወር ሆነኝ" አለ፣ ሳንጠይቀው።

"ባለቤትህ?" አሉ ጋሼ።

"አታውቅም። ሥራ ሳገኝ ነው የምነግራት ብዬ…" ወደ እኔ ዞረ። "አስፈራሁሽ አይደል? ይቅርታ አድርጊልኝ። በራሴ ስልክ ብገባ ጋሼ ዝርዝሩ ላይ ያዩኛል፣ ያዩትን ደግሞ…" አልጨረሰውም።

መጨረስ አያስፈልገውም ነበር። ጋሼ ፊታቸው ተለዋወጠ። ስለ ራሳቸው ያን ያህል ግልጽ ነገር የነገራቸው ሰው አልነበረም መሰለኝ። 

"ሲግናሉ እዚህ እንዴት ነው?" አሉ።

"ይቆራረጣል። ቃለ መጠይቅ ላይ ሁለቴ ተቋርጦብኛል።"

"የእኔ መስመር?" አሉ፣ እንደተሰደበ ሰው። ከዚያ መሰላሉን ወረዱ።

እሁድ ደረሰ። ሁሉም ደረጃው ላይ ተሰብስቧል። ባንከሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ሚስቱ፣ "እሺ ጋሼ፣ ማነው?" አለች።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ እሳቸውን ስለማውቅ ወለሉን ማየት ጀመርኩ።

"ማንም አይደለም" አሉ። "አራተኛ ፎቅ ያለችውን ማጠናከሪያ ስገጥማት ሳልመዘግባት ቀርቼ ነው። ራሷን እንደ እንግዳ ስትቆጥር ነበር። ተሳስቻለሁ።"

ነገሩ ትርጉም እንደሌለው እኔ እንኳ ይገባኛል። ቀን ብቻ የምትሠራ፣ ቅዳሜ የምታርፍ ማጠናከሪያ የት አለ? ግን ሊቀ ራውተር "ተሳስቻለሁ" ሲሉ ሕንፃው ስለሰማ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም አላሰበበትም።

"እንግዲያስ ይህን ሁሉ ቀን ያስፈራሩን በራስዎ ዕቃ ነው?" አለች ፀጉር ሠሪዋ።

"አዎ፣ በራሴ ዕቃ።"

የራሳቸውን ጥላ የፈሩ ሰው ብለው ሳቁባቸው። የባንከሩ ሚስት ከሁሉ በላይ ሳቀች፤ ፍርሃቷ ሲለቃት። ከዚያን ቀን ወዲህ ስማቸው ሊቀ ጥላ ሆነ። ኢንተርኔቱ በተቋረጠ ቁጥር "ጥላዋ መጣች?" ይሏቸዋል። ትእዛዛቸውን የሚሰማ ጠፋ። እሳቸው ግን አንዲት ቃል ሳይመልሱ በማግስቱ መሰላላቸውን ይዘው ወጡ፤ ገመድ እስከ ታንከሩ ክፍል ጎተቱ፣ አምስተኛ ማጠናከሪያ ሰቀሉ። ለጠየቃቸው ሁሉ "የታንከሩን ቆጣሪ ላነብበት ነው" ይላሉ። እኔ ለባንከሩ የወጥ ቤቴን ወንበር አወጣሁለት። ባልዲ ላይ ተቀምጦ ሥራ የሚቀጠር ሰው የለም።

ስድስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ቤት በዋልኩበት ቀን ከላዬ ኮቴ ስሰማ ደህና አደረ እላለሁ።

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ተረኛ ስለነበርኩ ጠዋት ቤት ነኝ። ጋሼ በሬን መቱ።

"አልገባም።"

"ማን?"

"እንግዳው። አራት ሰዓት ሆነ። ከቤት ግን ወጥቷል፤ በሁለት ሰዓት ሲወጣ አይቼዋለሁ። ስደውልለት ስልኩ ዝግ ነው።"

ሁለታችንም ያሰብነውን አልተናገርንም። መሰላሉን እንዴት እንደወጣን አላስታውስም። በሩ አልታሰረም፤ ጋሼ ከመክፈታቸው በፊት እጃቸው ቆርቆሮው ላይ ቆየ። ከዚያ ገፉት።

ባዶ ነው። ወለሉ ተጠርጓል። ወንበሩ ላይ አንዲት ወረቀት አለች፦ "ጋሼ፣ ዛሬ ሥራ ጀመርኩ። ትናንት ማታ ለእሷም ሁሉን ነገርኳት። ስልኬን ቢሮ ስለማጠፋው አይጨነቁ።"

ጋሼ ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ወንበሩ ላይ ዘጭ ብለው ተቀምጠው ፊታቸውን በባርኔጣቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ እኔ በትንሿ መስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

"ገመዱን ልንቀልልዎ?" አልኩ፣ ቆይቼ።

"ተይው" አሉ። "ሰው ሊፈልገው ይችላል።"

ስንወርድ ፀጉር ሠሪዋ ደረጃው ላይ አገኘችን። "ሊቀ ጥላ፣ ዛሬስ ማንን አዩ?" አለች። "ማንንም" አሉና አለፏት።

ክንዳቸውን ያዝኩ። ደረጃው ስለሚያስቸግራቸው መስሏቸው፣ "ደህና ነኝ ልጄ፣ እወርደዋለሁ" አሉኝ። እኔ ግን አልለቀቅኩም።