የልብስ ሰፊው ላስቲክ

ካዛንቺስ፣ የደቻሳ ልብስ ስፌት ቤት። ሃምሳ ሁለት ዓመቱን የያዘው የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ አጽብሃ፣ ከሁለት ወር በኋላ ልጁን ሊድር ነውና ለሰርጓ ያሰፋውን ኮት ሊለካ መጥቷል። ደቻሳ ግን አንድ ሰፊ አረንጓዴ ላስቲክ በበሩ እጀታ አስሮ ወደ ደረቱ ይስባል።

አጽብሃ፦ እና ይሄ የሱሪ ላስቲክ አይደለም ነው የምትለኝ?

ደቻሳ፦ አይደለም አልኩህ እኮ! የስፖርት ነው። ለትከሻ።

አጽብሃ፦ በዚህ ዕድሜ? ማነው ያታለለህ?

ደቻሳ፦ እጸገነት የምትባል የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ። «ወንበር ላይ ውሎ የጎበጠ ሰው በየቀኑ ይሳብ» አለችኝ።

አጽብሃ፦ ይሳብ? በደረቱ? እባብ ነው እንዴ?

ደቻሳ፦ ላስቲኩን ነዋ! ሁለቱን የጀርባ ክንፎች፣ የትከሻ አጥንቶቹን፣ እያገናኘ።

አጽብሃ፦ ጭራሽ ክንፍ! አንተን ብሎ መልአክ። ዞር በል ባክህ፣ እኔ በወጣትነቴ ስታዲየም ጀርባ ብረት ያነሳሁ ሰውዬ ነኝ። ይሄ የሚሳበው ወደ ላይ ነው።

[ላስቲኩን ፈቶ፣ እጥፍ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ በጫማው ይረግጣል።]

ደቻሳ፦ አትጠፈው! ቀስ በል፣ ትከሻህን ከጆሮህ አርቅ።

አጽብሃ፦ ከትከሻዬ ይልቅ አንተ ከጆሮዬ ራቅ!

[ቀኝ እጁን ሽቅብ ይስባል። «ቀጭ!» የሚል ድምፅ።]

አጽብሃ፦ ወይኔ! ተበጠሰ!

ደቻሳ፦ [ጎንበስ ብሎ አይቶ] ኧረ ላስቲኩ ደህና ነው።

አጽብሃ፦ ትከሻዬን ነው የምልህ! እጄ አልወርድ አለ!

[ወደ መንገዱ በተከፈተው በር ላይ እጁን እንደሰቀለ አንድ ሚኒባስ ታክሲ ፊቱ ቀጥ ይላል።]

ሾፌሩ፦ ሜክሲኮ ነው ጋሼ፣ ይግቡ!

አጽብሃ፦ ሂድልኝ! [ላቡ ይወርዳል፤ ልጁን በተሰቀለ እጅ ሲመርቃት ታይቶታል።] ደቻሳ፣ ወንድሜ፣ በቃ ሞትኩ!

ደቻሳ፦ አትሞትም። ተንፍስ። ክርንህን ለኔ ልቀቀው... ቀስ... ይኸው።

[እጁ ይወርዳል። አጽብሃ ግራ ቀኝ አይቶ፣ ታክሲው መሄዱን፣ ሌላ የታዘበው እንደሌለም ሲያውቅ ደረቱን ይነፋል።]

አጽብሃ፦ ይሄ ላስቲክ ለጎባጣ ነው፣ ለኔ ቢጤ ቀጥ ላለ ሰው አይሆንም። ኮቴን አምጣ።

[ይለብሳል። መስታወቱን አይቶ ይደነግጣል።]

አጽብሃ፦ ምንድነው ይሄ? ቀኙ ተንጠልጥሏል! አበላሸኸው!

ደቻሳ፦ ኮቱ ልክ ነው። የተንጠለጠለው ትከሻህ ነው።

አጽብሃ፦ ባለፈው የሰፋህልኝ እኮ ቀጥ ያለ ነበር!

ደቻሳ፦ ስፖንጅ ነዋ! ሰባት ዓመት ሙሉ ኮትህን በቀኝ በኩል በስፖንጅ ስሞላ ኖርኩ። ዘንድሮ ግን ስፖንጁም አልችል አለ።

አጽብሃ፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ደቻሳ፦ መች ፋታ ሰጥተኸኝ? እጸገነት ጋም የሄድኩት ያንተን ልኬት ይዤ ነው። እኔማ ላሳይህ ነበር የምለማመደው።

[አጽብሃ ኮቱን አውልቆ ይሰቅላል፤ በሩን ይዘጋል፤ መጋረጃውንም ይስባል።]

አጽብሃ፦ በል እሺ... በየትኛው እጄ ነው የምይዘው?