ጀርባ የማይሰጥ መሪ

ሰው ትልቅ ልሁን ብሎ በተነሣ ቀን ልብሱ ለምን እንደሚያምፅበት የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ። በአሮጌ ሱሪዬ ስንት ዓመት ፍሪጅ ስሸከም አንዲት ክር አልተበጠሰችም። ሙሉ ልብስ ለብሼ የሥራ መሪዎች ሥልጠና የሄድኩ ለት ግን ጉድ ፈላ።

ካርቱም ውስጥ ፍሪጅና ቬንትሌተር በሚሸጥ ድርጅት የሽያጭ ሠራተኛ ነኝ። ባለቤቱ ሐጅ ባቢክር ከከተማው ዳር፣ ሶባ ላይ፣ አዲስ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ አሰቡና፣ «ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ገብተህ ሥልጠናውን ጨርስ። አስተማሪዋ ስላንተ ደኅና ነገር ከነገረችኝ ሶባ ያንተ ነው፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። እናቴ ከጎንደር መጥታ እዚህ ሱዳናዊ አባቴን ያገባች ሴት ናት፤ ልጇ «ሙዲር» ተብሎ ሥራ አስኪያጅ ሊሆን ነው ሲባል እልልታዋ ጎረቤት አስወጣ።

በሥልጠናው መጨረሻ እያንዳንዳችን ፊት ወጥተን ስለ አመራር እንድንናገር ታዘዝን። እኔም ከሱቅ ዐረቢ ገበያ አዲስ ሙሉ ልብስ ገዛሁ፤ ሻጩ «ወላሂ፣ የቱርክ ነው» ብሎ ምሎልኛል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ከሚኒባስ ስወርድ የወንበሩ ሽቦ ከኋላ ያዘኝ። ቀርርር! ሱሪዬ ተተረተረ። ኮቱ ደግሞ የዘመኑ ፋሽን ነውና ከወገብ በታች ያለው ጉዳይ አያገባውም።

ልመለስ? መመለስማ ሶባን ለሌላ መስጠት ነው። ካፈርኩ አይመልሰኝ አልኩና ገባሁ።

ክፍሉ በባንክ ኃላፊዎችና በፋብሪካ ባለቤቶች ተሞልቷል። ተራዬ ሲደርስ ግድግዳውን ታክኬ፣ እንደ ሸርጣን በጎን እየተራመድኩ ፊት ወጣሁ። ትንሽ እንደ ተናገርኩ አስተማሪያችን ዶክቶራ ሰልማ አቋረጡኝ። «አያችሁት? እውነተኛ መሪ ለሕዝቡ ጀርባውን አይሰጥም!» አሉ። ተጨበጨበልኝ። ምነው እዚያ ላይ ባበቃ ኖሮ! ጥቂት ቆይተው «ያላ፣ ዋና ዋና ነጥቦችህን ሰሌዳው ላይ ጻፍልን» አይሉኝም!

ፊቴን ወደ ሰዉ እንዳደረግኩ እጄን ወደ ኋላ ልኬ ለመጻፍ ሞከርኩ። ዐረብኛዬ ቻይንኛ ሆነ። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ ሁሉም ይጠብቃል።

«ያ ጀማዓ፣ ወገኖቼ፣ ሱሪዬ ተቀዷል፤ ንግግሬ ግን አላለቀም» አልኩና ዞርኩ።

ሳቁን ምን ልበላችሁ! አንድ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወረደ። እኔ ግን ነጥቦቼን በሙሉ፣ ያውም በሚያምር የእጅ ጽሕፈት፣ ጻፍኩ። አንድ በአንድ አብራራሁ። ሳቁ እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ጥያቄ ይጠይቁኝ ጀመር። ስጨርስ ክፍሉ በሙሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበልኝ።

በማግሥቱ ሐጅ ባቢክር አስጠሩኝ። ዶክቶራዋ ደውለው አሞግሰውኛል። የባንኩም ሰውዬ ደውሎ ሁሉን ነግሯቸዋል። ሐጅ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና፣ «ከተማው ስላንተ ነው የሚያወራው!» አሉኝ። እነሆ ሶባን ወረስኩ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

«ሶባንማ ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼዋለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «አንዴ ያየህ የማይረሳህን ሰው ዳር ከተማ ወስጄ ልደብቅህ? ከዛሬ ጀምሮ የማስታወቂያ ክፍል ኃላፊ ነህ!»