የወርቅነሽ ትንፋሽና ጠያቂዎቿ

በሶዶ ከተማ ብቻችሁን መታመም አይፈቀድላችሁም። ገና ሁለቴ ስታስነጥሱ ሰፈሩ ነጠላውን ደርቦ ከተፍ ይላል። ደግነት ነው፤ ማን ይክዳል? እኔ ራሴ ስንት በሽተኛ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስለ ሟቾች አውርቻለሁ መሰላችሁ! ምን ላድርግ፣ በሽተኛ ፊት ሌላ ወሬ አይመጣልኝም።

የባለቤቴ የወርቅነሽ በሽታ ግን አስም ነው። ያኔ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ብዙ አውቃለሁ ባይ። የሚያሳምማት ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ንፋስ ነው ብዬ መስኮቱን በጨርቅ ወትፌዋለሁ። ድሬሰር ማዳልቾ፣ የጤና ጣቢያው ሰው፣ ስንቴ ነግሮኛል፦ ጭስና አቧራ አርቅላት፣ ሲነሳባት ቀና አድርገህ አስቀምጣት፣ መስኮት ክፈት፣ ክኒኑን ስጣት። ክኒኑን ተቀብዬ ምክሩን እዚያው ትቼው መጣሁ።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ቤት ስትጠርግ ተነሳባት። ደረቷ ሲር ሲር ይላል፣ ከንፈሯ ጠቆረ። ክኒኑን ብትውጥም ለውጥ የለም። ጎረቤቴን ድሬሰሩን ጥራልኝ ብዬ ላክሁት። እሱ ሆዬ፣ መንገድ ላይ ላገኘው ሁሉ እየነገረ ሄደ! ድሬሰሩ ሳይደርስ ሰፈሩ ደረሰ፤ ከሻንቶ ለገበያ የመጡ ዘመዶቿ ሳይቀሩ። የሰፈሩ ትልቅ ሰው እማማ አስካለ ብርድ እንዳይገባ ብለው በሩን ዘጉ። አንዷ ደግሞ ለደረት ይበጃል ብላ የባሕር ዛፍ ቅጠል ፍም ላይ ጣለች። ሁሉም በየተራ "እግዜር ይማርሽ" ይላል፤ ወርቅነሽ ይሉኝታ ይዟት ለእያንዳንዱ "አሜን" እያለች ያቺኑ ትንፋሽ ትጨርሳለች።

ፈራሁ። ትሞትብኛለች ብዬ ፈራሁ። ሰውን ውጡ ማለትንም ፈራሁ። የትኛውን ይበልጥ እንደፈራሁ ዛሬም ብትጠይቁኝ አልነግራችሁም።

ድሬሰር ማዳልቾ በግድ ተጋፍቶ ገባ። ከጠያቂዎቹ አንዱ መስሏቸው ቦታ ሊሰጡት ተነሱ።

"ምንድነው ይሄ ሁሉ ሰው? ሴትዮዋ በአየር እጦት ልትሞት ነው!" ብሎ ወደኔ ዞረ። "ቤቱ ያንተ ነው፤ አንተ አስወጣ።"

ዓይኔ እማማ አስካለ ላይ አረፈ። ይሄኔ አንዱ ደግሞ "እግዜር ይማርሽ" አላት። ወርቅነሽ አሜን ልትል አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም።

"ውጡ! ሁላችሁም ውጡልኝ!" ጮህኩ። ውታፉን ነቅዬ መስኮቱን በረገድኩ፣ ፍሙን ከነማንደጃው ደጅ አወጣሁ። እማማ አስካለ ደፉ ላይ ቆመው፣ "ወይ ጉድ! ከለቅሶ ቤት እንኳ ሰው አይባረርም!" ብለውኝ ሄዱ።

ድሬሰሩ መርፌውን ወጋት። ቀና አድርጌ ደግፌያት ትንፋሿን ስቆጥር ቆየሁ። ቀስ በቀስ የደረቷ ሲር ሲርታ ረገበ፣ ከንፈሯም መልኩ ተመለሰ። በእጇ ጠራችኝና ጆሮዬን አስጠጋሁ።

"አንተ የማታፍር፣ እማማ አስካለን የመሰሉ ሰው ከቤቴ አባረህ ነገ ብሞት ማን ሊቀብረኝ ነው፣ አሁኑኑ ሄደህ እግራቸው ላይ ወድቀህ ይቅርታ ካልጠየቅህ ዓይንህን እንዳላይ!"

አንዴም ሳታቋርጥ፣ በአንድ ትንፋሽ። በዕድሜዬ እንደዚያ ደስ ያለኝ ስድብ የለም።