መጋረጃው አይገለጥ

የእጅ ጽሑፌን ይቅር በሉኝ፤ ዶሮ የጫረችው ነው የሚመስለው። ፊደልም እሳሳታለሁ። ከስምንተኛ ክፍል ወዲያ ትምህርት ቤት አልሄድኩም። የኔ እጅ ቀጥ የሚለው ማውስ ሲይዝ ነው።

ማውስ ያስያዘኝ የአክስቴ ልጅ አዳነ ነው። ሰቆጣ ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት አለው። እኔ እጠርግለታለሁ፤ እሱ ደንበኛ ሲጠፋ በኮምፒውተር ቤት መሥራት ያስተምረኛል። ቤት ስላችሁ የሚኖሩበት እንዳይመስላችሁ። ጌም ውስጥ የሚታይ፣ ግድግዳም ጣሪያም ያለው ሥዕል ነው።

ታዲያ አንድ ቀን የጌም ሥዕል ውድድር ወጣ። ለሌለ ንጉሥ፣ በሌለ አገር፣ የዙፋን አዳራሽ ሥሩ ተባለ። ሽልማቱ ኮምፒውተር ነው። አዳነ ደግሞ ፎቶ ቤቱን ነቅሎ ወልድያ ሊገባ ነበር። ኮምፒውተሩም አብሮት ይሄዳል። ለኔ ምን ይቀረኛል? መጥረጊያው!

ጀመርኩ። ወለሉን አሳመርኩት። እንዴት አላሳምረው? ዓይነ አፋር ነኝ እኮ። እንግዳ ሲመጣ መሬት መሬት ነው የማየው። የጎረቤቶቻችንን ፊት ብትጠይቁኝ እደናገራለሁ፤ ጫማቸውን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ። ጥርብ ድንጋይ አነጠፍኩ። ሰው እየሰገደ ያለሰለሰውን ቦታ አሳየሁ። የጧፍ ጠብታ ጨመርኩ። በሩ ላይ አንድ ጥንድ ኮንጎ ጫማ አስቀመጥኩ። ቤተ መቅደስ በጫማ ይገባል እንዴ? ንጉሥ ዘንድም እንደዚያው መስሎኝ ነው።

ዙፋኑ ላይ ስደርስ ግን የሠራሁትን አይቼ ራሴ ደነገጥኩ። ቀይ መጋረጃ ጣልኩበት። ለማንም አላሳየሁም፤ ለአዳነም ቢሆን።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባል የለ? የውድድሩ ቀን ሥራዬ በወጣቶች አዳራሽ ግድግዳ ላይ በትልቁ ታየ። አዳራሹ ጢም ብሏል። እናቴ ከፊት ተቀምጣለች። ከባሕር ዳር የመጣው ዳኛ ወለሉን ወደደው። ጫማዎቹ የማን እንደሆኑ ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ። ከኋላ አንዲት አሮጊት በኽምጣኛ ሲያንሾካሹኩ ሰማሁ፤ ንጉሡ ጫማውን ጥሎ ወዴት ሄደ ነው የሚሉት። አጠገባቸው ያለው ሁሉ ሳቀ።

«በይ እህቴ፣ አሁን መጋረጃውን ክፈቺና ዙፋኑን አሳዪን» አለ ዳኛው።

እጄ ማውሱ ላይ ደረቀ። ብከፍተው መሳቂያ ሆንኩ፤ ሰቆጣ ገበያ ዳግመኛ አልወጣም። ባልከፍተው ኮምፒውተሩ ቀረ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እየተባልኩ ነው ያደግሁት። እኔም መጋረጃውን እንደተዘጋ ተውኩት።

«ክፈቺው እንጂ! ምን ነካሽ?» ይለኛል አዳነ በጆሮዬ።

ዳኛው ዙፋን የሌለው የዙፋን አዳራሽ ነጥብ አይሰጠውም አለ። ጠበቀኝ። ከዚያ ራሱ ሊከፍተው መጣና እጁን ወደ ማውሱ ዘረጋ።

«ተው፣ ልጄ!»

ዝግጅቱን በጸሎት የከፈቱት ቄስ ናቸው። መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆመዋል። «መጋረጃ በሁሉም እጅ ይገለጣል እንዴ? መቅደስ ብትገባም እንዲሁ ልትገልጥ ነው?»

«አባታችን፣ ይሄ እኮ ጌም ነው።»

«ጌምስ ቢሆን! ጫማውን አውልቆ ደጅ የሚጠናው ሰው ያልደፈረውን አንተ ልትደፍር?»

አዳራሹ «እውነት ነው!» አለ። እናቴ እልል አለች፤ ለምን እልል እንዳለች እስካሁን አታውቅም። ዳኛው እጁን ሰበሰበ። ከባልደረቦቹ ጋር ተንሾካሾከ። ከዚያ ማይኩን አንስቶ፣ ያልታየው ዙፋን ከታዩት ሁሉ ይበልጣል ብሎ አረፈው። ኮምፒውተሩ እኛ ቤት ገባ።

ይኸው ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ መጋረጃዬን ይተረጉማል። ቄሱ ትሕትና ነው ይላሉ። አዳነ ጥበብ ነው ይላል፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ ማለቱም አይቀር። እናቴማ ዓይነ አፋርነቷ በመጨረሻ እንጀራ ሆነላት እያለች ታወራለች። እኔ መሬት መሬት እያየሁ ዝም።

ለእናንተ ግን ልንገራችሁ፤ ፊታችሁን ስለማላይ ይቀለኛል። ከመጋረጃው ጀርባ ዙፋን አለ። ንጉሥ ግን የለም። አንዲት ልጅ ተቀምጣለች፤ አንገቷን ቀና አድርጋ አዳራሹን ሙሉ ቁልቁል ታየዋለች። መልኳ የኔ ነው። እግሯ ባዶ ነው፤ ጫማዋን በር ላይ ትታዋለች።