ቀለሙ እስኪደርቅ

ስንሻው ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ የገዛ ጀልባው ጥላ ሥር ጋደም ባለበት ሕልም አየ። እንዲህ ያለውን ሕልም ለጠላትም አይስጥ!

ሕልሙ እንዲገባችሁ መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር፣ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ አለችው። ስሟ ፀዳለ ነው። ስሙን ያወጣላት እሱ፣ ጎኗ ላይ በቀይ ቀለም የጻፈላትም እሱ ነው። ድንጋይ ላይ ቁጭ አድርጎ ያጥባታል፣ በብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍጋታል፣ ሰማያዊ ቀለም ይቀባታል። ቀለሙ ደረቀ ሲባል ወፍ ኩሷን ጣል ታደርግበታለች፤ ያኔ እንደገና ከሀ ይጀምራል። ጀልባይቱ ውሃ ከነካች ክረምት አልፎ ክረምት መጥቷል። ለምን ቢሉት «አረንጓዴው የውሃ አልጌ ይይዛታል!» ሚስቱ የሻረግ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ያለችው እህቷ ዘንድ እንዲያደርሳት በለመነችው ቁጥር መልሱ አንድ ነው።

«ቀለሙ ይድረቅ።»

የትናንቱ ጉዞ ግን የሚቀር አልነበረም። የእህቷ ልጅ ክርስትና ዛሬ ማለዳ ዘጌ ነው፤ ክርስትና እናቷ ደግሞ ራሷ የሻረግ ናት። «በባሌ ጀልባ ነው የምመጣው ብዬ ለዘመድ ሁሉ አውርቻለሁ፣ እንዳታዋርደኝ» ብላው፣ እሱም «እናቴን! አደርስሻለሁ» ብሎ ምሎላት ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ለባብሳ፣ አዲሱን ነጠላዋን አጣፍታ፣ ምሳውን በሳህን ይዛለት ስትመጣ ሰውየው ብሩሽ ይዞ ጀልባውን ሲቀባ አገኘችው።

«ምነው ስንሻው! ዛሬን እንኳ?»

«ያቺ የውሃ ወፍ፣ ይብራ፣ ኩሷን ጣለችባት። ምን ላድርግ? ከነኩሷ ክርስትና ልውሰዳት?»

«ክርስትና የምትነሳው ልጅቷ እንጂ ጀልባዋ አይደለችም እኮ።»

«ትንሽ ነው፣ ይድረቅና እንሄዳለን አልኩሽ።»

የሻረግ ሳህኑን አስቀመጠችና ሐይቁን አየት አደረገች። «አንዳርጌም ዛሬ ይሻገራል አሉ» አለች።

ይቺን ስም ባታነሳ ምን ነበረበት! አንዳርጌ ሰው ወደ ዘጌ የሚያመላልስ ጎረምሳ ነው። ጀልባው ከተሠራች ሳሙና አይታ አታውቅም። ከሥሯ አልጌው እንደ ጢም ተንዠርግጓል፣ ሸራዋ የዱቄት ጆንያ ነው። እሱ ግን ይስቃል፣ ተሳፋሪውም አብሮት ይስቃል። ያ ሳቅ ነው የስንሻውን አንጀት የሚያሳርረው። «በዚያ ቆሻሻ ትሄጂና አሳይሻለሁ!» ብሎ ፎከረና ቀለሙ እስኪደርቅ ብሎ ጥላው ሥር ጋደም አለ። እንቅልፍ ይዞት ጭልጥ አለ።

በሕልሙ ጀልባዎቹ ዳር ላይ ቆመው ወሬ ይጠርቃሉ፤ ሰዎቹ በገመድ ታስረው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ። አንድ ጉማሬ ነጭ ጓንት አጥልቆ ትራፊክ ያስተናብራል። አምባዛ ዓሦች በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ መንጠቆ ላይ ዳቦ ሰክተው ሰው ያጠምዳሉ። አንድ ባለከረባት ጎትተው አወጡና አገላብጠው አዩት።

«ትንሽ ነው» አለ አንደኛው አምባዛ። «ይደግ፣ መልሱት።» ውሃው ውስጥ ጣል አድርገው መለሱት።

ስንሻው ራሱ ድንጋይ ላይ ተጋድሟል። ከአንገቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሰማያዊ ተቀብቷል፤ ጎኑ ላይም «ስንሻው» ተብሎ በቀይ ተጽፎበታል። ልነሳ ቢል ቆዳው ደርቆ ቋ ቋ አለበት። በዚህ መሐል ፀዳለ ሸራዋን እንደ ሽርጥ አገልድማ፣ ባልዲና ብሩሽ ይዛ መጣች። ደስ አለው፤ ልታጥበኝ ነው ብሎ አንገቱን ቀና አደረገ። እሷ ግን ዘወር ብላም ሳታየው አልፋ ውሃው ዳር ወረደች።

እዚያ አንዳርጌ እስከ ደረቱ የሚደርስ አረንጓዴ ጢም አብቅሎ ይንሳፈፋል። ፀዳለ ጎንበስ ብላ ጢሙን በጣቷ ታፍታታለት ጀመር። እየሳቀች! የስንሻው ጀልባ፣ ለስንሻው አንድ ቀን ስቃ የማታውቀው!

«አንቺ!» ብሎ ጮኸ። «ማን ነው ያጠበሽ? ማን ነው ቀለም የቀባሽ? እኔ ነኝ እኮ!»

«አውቃለሁ» አለችው። «አንተማ ንጹሕ ነህ። አንተን ውሃ ላይ ማውጣት ያሳሳል።»

«እሱንስ?»

«እሱን ምን እሳሳለታለሁ? እሳፈርበታለሁ እንጂ።»

«እኔንም ተሳፈሪብኝ!»

መጥታ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው፣ ጣቷንም አየችው። «ቀለምህ ይድረቅ» አለችና ሄደች።

ቅናት ያንጨረጭረው ጀመር። ወዲያው ራሱን ችሎት ፊት አገኘው። ዳኛዋ ይብራ ናት፤ ምሰሶ ጫፍ ላይ ተሰይማለች። ጀልባዎቹ ሁሉ ሸራቸውን አውልቀው በአክብሮት ቆመዋል።

«አቤቱታህ ምንድን ነው?»

«ጀልባዬን ሰው ወሰደብኝ፣ ክብርት ዳኛ።»

«ትሄድልህ ነበር?»

«አትሄድም። ግን የኔ ናት!»

ዳኛዋ ረጅም መንቁሯን አሻሽታ ብዙ አሰበች። ከዚያም አናቱ ላይ ኩሷን ለቀቀችበት። «ቆሽሿል» ብላ ፈረደች። «ተፈግፍጎ እንደገና ይቀባ።» ጀልባዎቹ አጨበጨቡ። ስንሻው ይግባኝ ሊል አፉን ሲከፍት ብሩሹን አፉ ውስጥ ከተቱለት።

እየተፈገፈገ ሐይቁን ቢያይ፣ ፀዳለ አንዳርጌ ጀርባ ላይ ተደላድላ ወደ ዘጌ ትሄዳለች። ትከሻዋ ላይ ነጠላ አለ። ያ ነጠላ የየሻረግ ነው። ዘወር ስትል ፊቷም የየሻረግ ነው! «አንቺ ሴትዮ ተመለሺ!» ብሎ ሲጮህ ደረቱ ከአንገቱ እስከ እምብርቱ ቋ ብሎ ተሰነጠቀ።

ትራፊኩ ጉማሬ እየሮጠ መጣና በስንጥቁ ወደ ውስጥ አጮለቀ። «ይሄ ሰው ውሃ ከጠጣ ስንት ጊዜው ነው?»

«እንዳይቆሽሽ ብለን ነው» አሉ ጀልባዎቹ ባንድ ድምፅ።

«ወይ ጉድ! እንጨት እንኳ ውሃ ውስጥ ሲኖር ነው አብጦ የሚገጥመው። ይሄ ደርቋል። እንዳታስገቡት፣ ይሰምጣል!»

ማን ይስማው! ስንሻው ዓይኑ ደም ለብሷል፤ ሁሉንም ገፈታትሮ ዘለለ።

ሲነቃ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ብላለች። ሳህኑ አጠገቡ እንደተከደነ ነው። የሻረግ የለችም። ዓይኑን ጠራርጎ ሐይቁን ቢያይ የዱቄት ጆንያው ሸራ ነፋስ ጠግቦ ይሄዳል፤ ከፊት ወንበር ላይ ነጭ ነጠላ ይውለበለባል። የአንዳርጌ ሳቅ ውሃውን ተሻግሮ ጆሮው ውስጥ ገባ። አብራው የምትስቀውንም ለየ። ይህን ሳቅ ስንሻው ከሰማው ቆይቷል።

«እናቴን!» አለ። «በቆሻሻው እየሄደችማ እኔ አልቆምም!»

ፀዳለን በትከሻው ገፋት። ቀለሙ አልደረቀም ነበር፤ ግማሹ ሸሚዙ ላይ ቀረ። ውሃው ውስጥ ከተታት፣ ዘሎ ገባ፣ ሸራዋን ዘረጋ። ነፋሱም አላሳፈረውም፣ አንስቶ አስፈነጠራት! ስንሻው ከደስታው ብዛት «ተመልከች የሻረግ! ተመልከች!» ብሎ ቆሞ እጁን አወናጨፈ። አንዳርጌ ጀልባ ላይ ያሉት ሰዎችም ዘወር ብለው አዩ። እውነትም ፀዳለ ሙሽራ መስላለች።

ያኔ እግሩ ቀዘቀዘው። ጎንበስ ቢል፣ በዚያ ሁሉ ደረቅ ወራት ሳንቃና ሳንቃው ተራርቆ፣ ቀለም ብቻ ሸፍኖት የኖረው ክፍተት ሁሉ ውሃ ይተፋል። የምሳውን ሳህን ይዞ ገብቶ ኖሮ ምስር ወጡን ሐይቁ ውስጥ ገለበጠና ውሃውን በሳህኑ ይቀዳ ጀመር። ቀዳ፣ ቀዳ፣ ቀዳ። ፀዳለ ቀስ ብላ፣ ሳትንገዳገድ፣ ንጹሕ እንደሆነች ከሥሩ ወረደች። ጥልቅ ስላልነበረ እሱ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ፣ እሷ ላይ ቆሞ ቀረ። ከውሃው በላይ የሚታየው ምሰሶው፣ ሸራውና ሳህን የያዘው ስንሻው ብቻ ነው።

የሻረግ ከፊት ወንበሩ ተነስታ ሁለት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተጣራች።

«ስንሻው! ቀለሙ ደረቀ?»

ተሳፋሪው ሳቁን መያዝ አቃተው። አንዳርጌ ብቻ አልሳቀም፤ አዝኖለት መሪውን ሊያዞር ያዘ። «እናውጣው እንጂ እትዬ የሻረግ። ያሳዝናል እኮ።»

የሻረግ ተቀመጠች፣ ነጠላዋንም አስተካከለች።

«ተወው፣ ሂድ» አለችው። «ትንሽ ይራስ።»