ስም ያልወጣላት ልጅ እና የኔ አንድ መስመር ኮድ

ጓዶች፣ ዛሬ የሠራሁትን ከነገርኳችሁ ግማሻችሁ ብሎክ ታደርጉኛላችሁ። ግማሻችሁ ደሞ ስክሪንሾት አንስታችሁ ለጓደኞቻችሁ ትልካላችሁ።

ሰው ገደልኩ።

ቆይ ቆይ! ፖሊስ አትጥሩ! በቴክስት ነው የገደልኩት።

እንደምታውቁኝ ትምህርትን ከስምንተኛ ክፍል ነው ላሽ ያልኩት። ግን ሰሚት ኮንዶሚኒየም መጥታችሁ "ኢንጂነሩ የታለ?" ብትሉ ሰው እጃችሁን ይዞ በሬ ድረስ ያደርሳችኋል። ኮድ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርኩት፣ በቪዲዮ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ስልክ! ዲግሪ የያዙ ጀለሶቼ ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቁኝ።

(እሺ፣ አንዱ ነው የጠየቀኝ። ቻርጀር።)

የሰፈራችንን እድር ዌብሳይት የሠራሁትም እኔ ነኝ። ሰው ሲሞት የእድሩ ተጠሪ ፎርም ትሞላለች፣ "ላክ" የሚለውን ትጫናለች፣ ለአባላቱ ሁሉ ቴክስት ይሄዳል። ጡሩንባ ምናምን ቀረ። ሸገር ዘምናለች!

ለማታውቁት ትንሽ ላስረዳ፣ አጭር ነው አትሽሹ። ፎርሙ ላይ የተጻፈውን ፍሬምወርኩ (ኮዴን የምሠራበት ዝግጁ መዋቅር በሉት) ራሱ ያነሳና በየቦታው ያስቀምጠዋል። የአባል ስም እዚህ፣ የሟች ስም እዚያ። ይሄ ዳታ ባይንዲንግ ይባላል። አንዱ ቦታ ባዶ ከመጣ ግን ሲስተሙ ግራ ይገባውና ይጮሃል። በቀይ! ኤክሴፕሽን ነው ስሙ። እኔ ግን ጩኸት ነው የምለው።

ሲስተሙን ለሽማግሌዎቹ ያሳየሁ ቀን ጮኸብኝ። ፕሮጀክተር ላይ! የእድሩ ዳኛ ጋሽ ተፈራ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው፣

"ኢንጂነር፣ ይሄ ቀዩ ምን ሆኖ ነው? አመመው እንዴ?" አሉ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሼም ጨረሰኝ።

ቤት ገብቼ ምን አደረግኩ? አንድ መስመር ጨመርኩ። የሟች ስም ባዶ ከሆነ አትጩህ፣ የአባሉን ስም ውሰድና ሙላበት። ኤክሴፕሽኑን ያዝኩና ዋጥኩት። ቀዩ ጠፋ! ለራሴ አጨበጨብኩለት።

ማን የሟች ስም ሳይጽፍ ሞት ይልካል? ብዬ ነዋ!

ዛሬ ረፋድ ላይ ቦሌ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ ለአንድ ደንበኛ እየጎረርኩ ነው። ስልኬ ጢን አለ። የእድሩ ቴክስት፣ የራሴ ሥራ! ሳላነበው ስልኩን አፍንጫው ስር ደቀንኩለት።

"አየህ ፍጥነት? አሁን ተላከ፣ አሁን ገባ! የኔ ሲስተም ማለት ይሄ ነው!"

ሰውየው አነበበው። ከዛ ቀና ብሎ አየኝ።

"ነፍስ ይማር" አለኝ።

ያኔ ነው ያነበብኩት። "የእድራችን አባል ወይዘሮ ዘሃራ ስላረፉ..."

ዘሃራ! ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ዘሃራ! በዚህ ሳምንት የወለደችው! አራስ ልጠይቅ ስገባ ገንፎ አቅርባልኝ "አንተስ መቼ ነው የምታገባው? ኮምፒውተሩን ነው እንዴ?" ብላ የሳቀችብኝ።

ታክሲ ውስጥ እንባዬ ዝም ብሎ ይወርዳል። ወያላው ደንግጦ፣

"ምነው ወንድሜ፣ መልስህን ሰጥቼሃለሁ እኮ!"

ሰሚት ስደርስ ድንኳኑ እየተተከለ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ "ዘሃራዬ! ጨቅላሽን ለማን ጥለሽ ሄድሽ!" ይላሉ። እኔም ጮህኩ። በደንብ ነው የጮህኩት፣ እንደምታውቁኝ ስሠራ በግማሽ አልሠራም።

በዚህ መሃል ደረጃው ግርጌ ላይ ሰው ብቅ አለ።

ዘሃራ።

የእህቷን ትከሻ ተደግፋ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ቆማ ታየናለች።

እማማ ጥሩነሽ "በስመ አብ!" ብለው እኔ ላይ ተዘረሩ። ከባድ ናቸው። ከስራቸው ሆኜ ነው ቀሪውን ያየሁት። ሰው በመጀመሪያ ጮኸ፣ ከዛ ሳቀ፣ ከዛ አንዷ እልልታ ጀመረች።

ዘሃራ ግን አልሳቀችም።

"እኔ አይደለሁም" አለች። "እሷ ናት።"

እልልታው መሃል ላይ ቆመ።

ልጇ ናት። ጠዋት ሊያጠቧት ሲያነሷት ሞታ አገኟት።

ስም አልነበራትም። እነ ዘሃራ የወሎ ሙስሊሞች ናቸው፤ የልጅ ስም የሚያወጡት በሰባተኛው ቀን፣ በግ አርደው ነው። አባቷ ሰይድ የአይሱዙ ሹፌር ነው፤ ጭነት አድርሶ ሲመለስ የስሟን በግ ከአገሩ ሊያመጣ ወሎ ሄዶ ዛሬ እየተመለሰ ነው። ተጠሪዋ እትዬ አስካለ ፎርሙን ስትሞላ "የአባል ስም" ላይ ዘሃራ ብላ ጻፈች። "የሟች ስም" ጋ ስትደርስ ምን ትጻፍ? ባዶ ተወችው፤ ልካ ከፈን ልትገዛ ወጣች።

የኔ ሲስተም አልጮኸም። ጎበዝ ነዋ! የእናቷን ስም አንስቶ ሞላበት።

ዘሃራ ሰዉን አልፋ እኔ ጋ መጣች። የምትሰድበኝ መስሎኝ ነበር። በጣም ቀስ ብላ፣

"ለሰይድም ተልኳል?" አለችኝ።

ተልኳል። የቤተሰብ ስልክ ተብሎ የተመዘገበው የሱ ነው።

ከወሎ ሲመጣ የሚታለፈውን ጣርማ በርን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ጉሙን፣ ገደሉን፣ ጠመዝማዛውን። እዛ መንገድ ላይ መሪ ለያዘ ሰው ነው ሚስትህ ሞተች ብዬ የላክሁት።

ደወልን፣ አያነሳም። ደጋገምን፣ ጭራሽ ተዘጋ።

ላፕቶፔን ከፈትኩ፣ ማስተካከያ ልልክ። እና ምን ባገኝ ጥሩ ነው? የኔ ሲስተም ሞት ብቻ ነው መላክ የሚችለው! "ሰው አለ" የሚል ፎርም አልሠራሁም! ማን ይጠይቀኛል ብዬ!

በስልኬ ጻፍኩለት። "ሰይዶ፣ ዘሃራ ደህና ናት፣ ቀስ ብለህ ንዳ።" ስለ ልጅቷ ምን ብዬ ልጻፍ? ባዶ ተውኩት።

ቴክስቱ አልደረሰም አለኝ።

ጋሽ ተፈራ ጠሩኝ። "ና እስቲ አንተ። ባዶ ሆኖ ሲመጣ ባዶ ነው ብሎ አይነግረንም ነበር?"

"ይነግር ነበር ጋሼ። ቀዩ እሱ ነበር።"

"ታዲያ ምን አደረግከው?"

"እንዳላፍር አጠፋሁት።"

መነጽራቸውን አውልቀው ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር፣ ወላሂ!

የነሱ ሽማግሌዎች ቀብሩ አይዘግይ አሉ። ዘሃራ "አባቷ ሳያያት ከቤት አትወጣም" አለች። ስለዚህ ሁሉም ቁጭ ብሎ ሰይድን መጠበቅ ሆነ። ይምጣ አይምጣ፣ በህይወት ይኑር አይኑር የሚያውቅ የለም። እኔ ግቢው በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የሚያልፈውን አይሱዙ ሁሉ አያለሁ። እንደምታውቁኝ የማልቀልድበት ነገር የለም። ዛሬ አንድም አልመጣልኝም።

ፀሐይ ማዘቅዘቅ ስትጀምር አንድ አይሱዙ አስፋልቱን ለቆ ወደ ግቢው ታጠፈ። ጎኑ ተፈግፍጓል፣ አንዱ መስታወቱ የለም። ሞተሩን እንኳን ሳያጠፋ ዘለለ። ሰይድ! በእግሩ ቆሟል! እኔ መሬቱን ነው የሳምኩት።

ዘሃራ ወጣች።

አያት። ተንበረከከ፣ በጉልበቱ ሄዶ እግሯን አቀፈ። "አለች! አልሀምዱሊላህ! አለች እኮ!" ያለቅሳል፣ ይስቃል፣ የቀሚሷን ጫፍ ይስማል። ዞሮ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያቅፋል። እኔንም አቀፈኝ!

"ማነው እንዲህ የቀለደብኝ? ንገሩኝ፣ አልገለውም፣ በጉን ነው የማርድለት!"

ማንም አልሳቀም።

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት። ድንኳኑን አየ። የተቀመጡትን ሽማግሌዎች አየ። ከዛ የዘሃራን እጆች አየ። ባዶ ናቸው።

"ልጄስ?"

መኪናው ላይ በጉ ጮኸ።

እኔ ነኝ የነገርኩት። ፎርሙን፣ ባዶውን፣ የጨመርኩትን መስመር፣ ሁሉን ተንተባትቤ ነገርኩት። ጨርሼ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ይምታኝ ብዬ።

አልመታኝም። የሸሚዜን ኮሌታ በሁለት እጁ ያዘ፣ እንደ ልመና።

"ኢንጂነር፣ የዘሃራው ስህተት ነበር አይደል?"

"አዎ።"

"እሱንም ስህተት ነው በለኝ። አልቆጣህም። ይሄም ስህተት ነው በለኝ።"

...

ገብቶ ልጁን አየ፣ አቀፋት። ከዛ ወስደው ቀበሯት።

ያን መስመር አጥፍቼዋለሁ። አሁን ባዶ ከተላከለት ሲስተሙ ቀጥ ብሎ ይቆምና በቀይ ይጮሃል። ይጩህ! ፕሮጀክተር ላይም ይጩህ! ኮድ የምትጽፉ ካላችሁ የማታውቁትን ነገር በግምት አትሙሉት። የስምንተኛ ክፍል ምክር ነው፣ በነጻ።

ላይክ አታድርጉ። ይልቅ አንድ ነገር ንገሩኝ።

እኔና ሰይድ የምንወርደው በአንድ ደረጃ ነው። ነገ ጠዋት እዛ ስንገናኝ ምንድነው የምለው?