የቁጥር አራት ልቅሶ

እኛ አገር «ክላሲካል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው ግጥም የሌለው ሙዚቃ ማለት ነው። ቫዮሊን ይሁን ዋሽንት፣ ፈረንጅ ይድረሰው የሰፈራችን ሰው ይምታው፣ ዘፋኝ አፉን እስካልከፈተበት ድረስ ክላሲካል ነው። የተማሩ ሰዎች ይህ ስሕተት መሆኑን ሊያስረዱን ደጋግመው ሞክረዋል። ክላሲካል ማለት በዚህ ዘመን የተደረሰ፣ በዚህ ሥርዓት የተዋቀረ፣ ምናምን እያሉ ይዘረዝሩልናል፤ እኛም በትህትና ሰምተን ስናበቃ «አዎ፣ ግጥም የሌለው» ብለን እናጠቃልልላቸዋለን። ሁለተኛው ትርጉም ደግሞ «ትልቅ ሰው ሞቷል» ማለት ነው። እኩዮቼ ታስታውሳላችሁ፤ ሬዲዮው ከጠዋት ጀምሮ ዘፈኑን ትቶ ያንን የሚያለቃቅስ ነገር ሲለቅብን፣ እናቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማን እንደሆነ እስኪነገራቸው ይጠብቁ ነበር። ስለዚህ ሰው ቤት ገብታችሁ ክላሲካል ከሰማችሁ ወይ ባለቤቱ የተማረ ነው፣ ወይ መንግሥት ተቀይሯል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትቀመጡ።

ይህን ሁሉ የማወራላችሁ ሰይዶን ላስተዋውቃችሁ ብዬ ነው። ሰይድ ይማም እኛ ከተማ፣ መርሳ፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት ሙዚቃ ቤት አለው። ከካሴት ዘመን ጀምሮ እስከ ፍላሽ ድረስ ያልቀየረው ነገር ቢኖር በሩን ብቻ ነው። ዘፈን መሸጥ ብቻ ሳይሆን ያሳትማል ጭምር፤ ከሱቁ ጀርባ ግድግዳው ሁሉ ብርድ ልብስ የተሰቀለበት ክፍል አለው፣ የጎረቤት ዶሮዎች በተባረሩ ሰዓት እዚያ ውስጥ ይቀዳል። እኔ ማስታወቂያ ጻፊ ነኝ። የሥራዎቹን ሽፋንና ስቲከር፣ በሩ ላይ የሚለጠፈውንም ሁሉ የምጽፍለት እኔ ነበርኩ።

ሰይዶ አንድ ጊዜ ለጥርሱ አዲስ አበባ ሄዶ፣ እግረ መንገዱን አንድ ትልቅ ሆቴል ገብቶ ሰው ሲጠብቅ ክላሲካል ሰማ። ጥርሱን አስነቅሎ፣ በቦታው ሐሳብ አስተክሎ ተመለሰ። «ሀብታም ብቻ ለምን ይረጋጋል?» አለኝ ገና ከመኪና ሳይወርድ። ከዚያ በኋላ ሥራዬ ብሎ የፈረንጅ ክላሲካል በፍላሽ እየሞላ ለባጃጅ ነጂው፣ ለማሽላ ነጋዴው፣ ለፀጉር አስተካካዩ ያዳርስ ጀመር። የወሰደ እንጂ የወደደ አልነበረም። ከጎረቤት ከተማ ከግራና የመጣ አንድ ገበሬማ በሳምንቱ ፍላሹን ይዞ መጥቶ፣ «ሰይዶ፣ ይኸ ነገር ዘፋኙ ሳይመጣ ነው የቀዳችሁት፤ ሲመጣ ሙላልኝ» ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦለት ሄዷል።

እንግዲህ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። አንድ ጊዜ ሸሽተን፣ ተመልሰን፣ ድጋሚ እንሸሽ ይሆናል ብለን ጓዛችንን ሳንፈታ የተቀመጥንበትን ያን ጊዜ ነው የምላችሁ። በዚያ ጊዜ ከሁሉ በፊት ወገን ለይቶ የተሰለፈው ዘፈን ነው። የጀግንነቱን ዘፈን ተዉት፣ እሱስ ሥራው ነው። የፍቅሩ ዘፈን ነው ጉድ ያፈላው። አንዱ ባጃጅ ነጂ «ነይ» የሚል ዘፈን ከፍቶ ኬላ ሲደርስ «ማንን ነው ነይ የምትለው?» ተባለ። ጓደኛው ከዚህ ተምሮ «ልሂድ» የሚል ከፈተ፤ «ወዴት?» ተባለ። የሠርግ ዘፈን የከፈተ «ምን አስደሰተህ?» ይባላል፤ እንጉርጉሮ የከፈተ ደግሞ በማን ድል እንዳዘነ ይጠየቃል። ነጂዎቹ አንድ በአንድ ወደ ሰይዶ ሱቅ ይመጡ ጀመር። ፊታቸው መድኃኒት ቤት የገባ ሰው ፊት ነበር። «ቃል የሌለው ስጠን» ይላሉ ድምፃቸውን ቀንሰው።

ክላሲካል ሙዚቃን ለሰፊው ሕዝብ ለማዳረስ ምን ያስፈልጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ትምህርት ቤት አልላችሁም። ኬላ እላችኋለሁ። ስንት ሊቅ በንግግር ያልቻለውን ነገር አንድ የተጋደመ እንጨት በአንድ ወር ሠራው። ሻይ ቤቱ ክላሲካል፣ ፀጉር ቤቱ ክላሲካል ሆነ። ሰይዶ በደስታ ወፈረ።

ብቻ ሰው ፈረንጁን ቶሎ ጠገበው። «ያለቅሳል፣ ግን ለምን እንደሚያለቅስ አይነግረንም» አሉ። የራሳችን ክላሲካል ያስፈልግ ነበር፤ ሰይዶም ወደ ጋሽ አብርሃ ሄደ።

ጋሽ አብርሃ ልብስ ሰፊ ናቸው። ወላጆቻቸው ከትግራይ መጥተው ቆቦ የከተሙ፣ እሳቸው ራሳቸው ከሠላሳ ዓመት በላይ መርሳ የኖሩ፣ ሚስታቸውንም እዚሁ የቀበሩ ሰው ናቸው። ክራር ሲመቱ እጃቸው አይታይም። አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፤ ግን ከወላጆቻቸው የወረሷት ትንሽ ዘዬ አፋቸው ላይ አለች። በሰላሙ ጊዜ ያቺን ዘዬ እየደገምን እንስቅባት ነበር፣ እሳቸውም አብረውን ይስቃሉ። ጦርነቱ ሲመጣ ሳቁ ቀረ። ሰላምታው መጀመሪያ አጠረ፣ ቀጥሎ ወደ አንገት ንቅናቄ ዞረ። ዘዬዋ የምታስጠረጥርና የምታሳስር ስለሆነች እሳቸውም ንግግራቸውን ከቀን ወደ ቀን እየቀነሱ ሄደው፣ መጨረሻ ላይ የደንበኛን ወገብ በምልክት የሚለኩ ሆኑ።

ከሁሉ የከፋው የቅሬው ነገር ነው። ሌላ አገር ዕድር የሚባለው እኛ ዘንድ ቅሬ ነው። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ የሚቀባበርበት ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊው በየበሩ እየቆመ ይጠራል፤ የተጠራ ይወጣል፣ ይቆፍራል፣ ይሸከማል። ጋሽ አብርሃ በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀብር ቀርተው አያውቁም። ለወራት ግን ለፋፊው ከበላያቸው ያለው በር ላይ ይጮኽና ከበታቻቸው ያለው በር ላይ ሲደርስ ነው ድምፁ እንደገና የሚሰማው። ከቅሬው ተሰርዘዋል ያለ ሰው የለም። አልተጠሩም፣ በቃ። አንድ ቀን ከሰይዶ ጋር ሆነን ሱቃቸው ተቀምጠን ሳለ መርፌያቸውን እየሰኩ «መታሰሩ አይደለም እኔን የሚያስፈራኝ» አሉ። «ብሞት ማን ይቀብረኛል?»

ሰይዶ በማግሥቱ ተመልሶ «ጋሼ፣ ክራር እኮ ዘዬ የለውም» አላቸው። ብርድ ልብሱ ክፍል አስገብቶ ቀዳቸው። ለዜማዎቹ ስም መስጠት የእኔ ሥራ ነበር። ስም ደግሞ ቃል ነው፤ ቃል ደግሞ ያስጠይቃል። ስለዚህ ፈረንጆቹ እንደሚያደርጉት «ቁጥር አንድ»፣ «ቁጥር ሁለት» እያልኩ ጻፍኩ። ተጫዋቹ ላይ ስደርስ «ያልታወቀ» አልኩ። ቁጥር አራት ትዝታ ነበረች። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? ከሲሪንቃ መንገድ ዳር ቲማቲም ሻጮች ጀምሮ እስከ ግራና ገበያ ድረስ ሰው ሁሉ እጁን ከሥራው አንሥቶ ያቺን ቁጥር አራት ይሰማ ነበር። ሰላም የማይሏቸውን ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያዳምጧቸው ይውላሉ።

ጣጣው የመጣው ከወልድያ ነው። ሰይዶ ለወልድያ ባጃጆች ቁጥር አራትን በገበያው ዋዜማ ላከላቸው። ነጂዎቹ ጠዋት ተነሥተው ሁሉም በአንድ ጊዜ ከፈቷት። ገበያተኛው ከየአቅጣጫው ክላሲካል ሲከበው ትዝ ያለው የትኛው ትርጉም መሰላችሁ? «ማን ሞተ?» ተባለ። ስም አልተገኘም። ስም ያልተገኘለት ሟች እየከበደ ሄዶ መንግሥት አከለ፤ ከዚያ «ከተማዋ ተለቅቃለች» የሚል ወሬ ተወለደ። ሱቅ ተዘጋ፣ ፍራሽ ጭንቅላት ላይ ወጣ። ወሬው መርሳ ሲደርስ ታንክ ጨምሯል። እኛም ሮጥን። ሰይዶ የሱቁን ስፒከር በጫንቃው ተሸክሞ የውርጌሳን መንገድ ከሁላችን ቀድሞ ተያያዘው። ከገዛ ሙዚቃው የሸሸ የመጀመሪያው አሳታሚ ሳይሆን አይቀርም። ነገሩ ተጣርቶ ስንመለስ ከአንድ ፍየል በቀር የጠፋ አልነበረም።

ፍየሏ ብትገኝም ጉዳዩ አልቀረም። የሰፈራችን የጥበቃ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደምሴ ሰይዶንና እኔን አስጠሩን። አቶ ደምሴ በሰላሙ ጊዜ የገበያ ሚዛን ተቆጣጣሪ ነበሩ። ሁሉን ነገር አንሥተው ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ አያምኑም፤ ፍላሹንም በመዳፋቸው ይመዝኑት ነበር።

«ቁጥር አራት ማን ነው?» አሉ።

«ዜማ ነው፣ ጋሽ ደምሴ» አለ ሰይዶ።

«ዜማማ ስም አለው። ቁጥር ያለው ታርጋ ነው፣ ወይም እስረኛ ነው። ይኸ ሰውዬ በየባጃጁ ቁጥር የሚልክ ማነው?»

«ኧረ በአላህ! ሰውየው ዝም ብሎ የሚመታ ነው።»

አቶ ደምሴ ብድግ አሉ። «ማንን ነው የሚመታው?»

«ክራሩን!»

«እኮ ስሙን ንገረኝ!»

የጋሽ አብርሃ ስም በዚያ ሰዓት ከአፋችን ቢወጣ፣ ያ ስም ከቁጥሩ፣ ከባጃጁና ከሩጫው ጋር ተደማምሮ የት እንደሚደርስ ለእናንተም ለመገመት አይከብዳችሁም።

«ሞቷል» አለ ሰይዶ።

«ምን?»

«ሞቷል። ክላሲካል የሚባለው እኮ ባለቤቱ ሲሞት ነው። ፈረንጆቹም ሁሉም ሞተዋል።»

ይህ እንኳ የተማሩትም የሚስማሙበት ነው። ጎበዝ! ብዬ በልቤ ሳላበቃ አቶ ደምሴ «ምንህ ነበር?» ብለው ጠየቁት፤ ሰይዶም የጀመረውን ውሸት ሊያደምቅ ብሎ «አጎቴ» አላቸው። አበላሸው። አቶ ደምሴ የቅሬውም ዳኛ መሆናቸውን ረስቶታል። ኮፍያቸውን ቀስ ብለው አወለቁ።

«አጎትህ ሞቶ ለቅሬው ሳትናገር?»

«ሩቅ ነው... ደላንታ ነው...»

«ሩቅ ቢሆንስ! መርዶህን ይዘህ ብቻህን ልትቃጠል? እኔም ሐዘንተኛ አስቁሜ ስመረምር!» ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «አብሽር፣ ሰይዶ። የሞተ ሰው አይጠየቅም። ፋይሉ ተዘጋ።»

ፋይሉ ተዘግቶ ድንኳኑ ተከፈተ። በማግሥቱ ማለዳ ለፋፊው ወጣ። አቶ ደምሴ በሐዘንተኛ ላይ በመጮኻቸው ጸጸት ስለበላቸው «ዛሬ አንድ በር እንዳይዘለል» ብለው አዘዋል። ለፋፊውም ትእዛዝ አክባሪ ነው፤ ጋሽ አብርሃ በር ላይ ሲደርስ ቆሞ ጮኸ። ከስንት ወር በኋላ! ጋሽ አብርሃ በሩን ገርበብ አድርገው «ማን ሞተ?» ብለው ጠየቁት።

«የሰይዶ አጎት ናቸው፤ እኒያ ባለ ክራሩ። ቁጥር አራትን የሚመቱት» አላቸው።

ጋቢያቸውን ለብሰው መጡ። ድንኳኑ በር ላይ ሰይዶ ሲያያቸው ሊስቅ አፉን ከፈተና እንባው ቀደመው፤ ዘለግ ባለ ድምፅ ያለቅስ ጀመር። ሰዉም «ምን ያህል ቢወዳቸው ነው» እያለ ተከተለው። እዚያ ድንኳን ውስጥ የማያውቁትን ሰው ነው ያለቀሱት አልላችሁም። በሽሽቱ መንገድ ላይ ሰው የሞተበት፣ ለመቅበር እንጂ ለማልቀስ ጊዜ ያላገኘ፣ ልጁ ይኑር ይሙት የማያውቅ ሁሉ ነበር የተቀመጠው። አንዱ በቁጥር አራት አሳብቦ እናቱን አለቀሳት፣ ሌላው ወንድሙን። እኔም ያላለቀስኩት ሰው ነበረኝ፤ ደረቴ ቀለለኝ። ጋሽ አብርሃም አለቀሱ። ማንን እንዳለቀሱ አልጠየቅኋቸውም።

አቶ ደምሴ ራሳቸው ተነሥተው ንፍሮ በእጃቸው አቀረቡላቸው፤ ጎናቸውም ተቀመጡ።

«ጋሽ አብርሃ፣ ምነው እንዲህ ጠፉብን?» አሏቸው፣ ምንም ሳይደነቅፋቸው።

«አለሁ፣ እዚሁ ነኝ» አሉ ጋሽ አብርሃ።

አቶ ደምሴ ቀጠሉ። «እንዲህ ያለ ክራር መቺ በሕይወት ሳለ አግኝተነው ቢሆን ኖሮ በትከሻችን ነበር የምንሸከመው።»

ጋሽ አብርሃ ንፍሮውን ዘገን አድርገው «በሕይወት ሳለማ ይከብዳል» አሉ። አቶ ደምሴ ይህን እንደ ቁምነገር ተቀብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የሚዛን ሰው አይደሉ?

ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ሦስታችን አብረን ወደ ሱቃቸው ወረድን። መንገድ ላይ ከወራት ወዲህ ሰላም የማይሏቸው ሰዎች ቆመው ጤናቸውን ጠየቋቸው። አብሮ ያለቀሰን ሰው በአንገት ብቻ ማለፍ የሚያስነውር ነገር ሆነ መሰለኝ። ለፋፊውም ከዚያ ቀን ወዲህ በራቸውን ዘሎ አያውቅም።

ሰይዶ ግን አልተረጋጋም። «ጋሼ፣ አጥፍቻለሁ፣ በቁምዎ ገደልኩዎት» አላቸው። «ሰላም ይውረድ እንጂ ወላሂ ስምዎን በትልቁ ነው የማስጽፈው።»

ጋሽ አብርሃ ቁልፋቸውን ከኪሳቸው አውጥተው በሩን ከፈቱ፣ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ወንበሩ ላይ አኖሩ፣ መርፌያቸውንም አነሡ። ፊታቸው ላይ ከብዙ ጊዜ ወዲህ ያላየሁት ፈገግታ ነበር።

«ተወው ሰይዶ፣ ያልታወቀ ይበቃኛል» አሉት። «ማን ይቀብረኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ይኸው አየሁት፣ ሁሉም ነው የመጣው።» ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አሳልፈው ሳቡትና ቀና አሉ። «ብቻ ለዋናው ቀን ንፍሮው ላይ ጨው ይጨመርበት።»